ከበሮው አልቆም አለኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የቴክኖሎጂ ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ ግን እውነቱን ልንገራችሁ ስልክ ስልክ ብቻ ሆነብን፣ እዚህ ጅማ ኮድ ጽፈን ድምፅ የምንሠራም አለን። እኔ የምጠቀመው ቻክ (ChucK) የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፣ ጌ ዋንግና ፔሪ ኩክ አሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እያሉ የሠሩት፣ በነጻ ይገኛል፣ አንድ ላይ የሚሮጡትን ነገሮች ሽሬድ ይላቸዋል። ማስነሳቱ ቀላል ነው፣ ማስቆሙ ነው ጉዱ።

ባለፈው እዚሁ ሄርማታ የጎረቤታችን ልጅ መልስ ላይ ላፕቶፔን ከስፒከር አገናኝቼ የከበሮ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር ምት) አጫውታለሁ፣ ድምፁ የዘገየ መስሎኝ ማስጀመሪያውን ሦስቴ ተጫንኩት፣ ለካ ሦስት ሽሬድ ተነስቷል፣ ቁጥር 1፣ 2፣ 3። አንድ አባት ሊመርቁ ሲነሱ አንዱን አጠፋሁ፣ ሁለቱ ዱም ዱም ማለታቸውን ቀጠሉ (ሁሌ የሚጠፋው መብራት የዛን ቀን አልጠፋ!)። ደንግጬ ሁሉንም ባንዴ ጠረግኳቸው፣ ከስፒከሩ «ጧ!» የሚል ወጣ፣ የተኛ ሕፃን ተነስቶ አለቀሰ።

ቤት ገብቼ ሳየው ነገሩ ይሄ ነው፣ ሽሬዱን ስታስነሳው ስም ሰጥተህ ከያዝከው በኋላ ኤግዚት ትለዋለህ፣ ወይ በቁጥሩ ሪሙቭ ታደርገዋለህ። ደግሞ በስፖርክ፣ ማለትም አንዱ ሽሬድ ሌላ ሽሬድ በሚያስነሳበት ትዕዛዝ፣ የተወለዱ ልጆች እናታቸው ስታልቅ አብረዋት ይሞታሉ፣ ስለዚህ ከበሮውን ሁሉ ካንድ እናት ብታስነሳው እሷን ማስቆም ይበቃል። ግን ልጆቹ እንዲጫወቱ ከፈለግክ እናትየው ጊዜ እያሳለፈች መጠበቅ አለባት፣ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ለምን ድምፅ የለም እያልኩ ገመድ ስነቅልና ስሰካ ነበር። ሉፕ ውስጥ ጊዜ የሚያሳልፈውን ትዕዛዝ መጻፍ ከረሳህ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሽሬድ ለሌላው ተራ የሚለቀው ጊዜ ሲያሳልፍ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል።

«ጧ» ያለው ሞገዱ መሃል ላይ ስለተቆረጠ ነው። አሁን መጀመሪያ ድምፁን በኤንቨሎፕ (ድምፅን ቀስ አድርጎ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው) ዝቅ አደርገዋለሁ፣ 50 ሚሊሰከንድ ምናምን እጠብቃለሁ፣ ከዛ ነው ሽሬዱን የማስወጣው፣ ትንሽ ነገር ነው ግን ጆሮ ያርፋል።

እና አዘጋጅ፣ በ15 ቀን አንዴ እንኳን ሩብ ገጽ ስጡን፣ ጽሑፉን እኔ በነጻ እልካለሁ። እኚያ አባት መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ቆመልህ?» ይሉኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ