ኢስታ አይታደስም፣ እንደ አዲስ ይጠየቃል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ኢስታ እናድሳለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። የስዊድን፣ የጀርመን ወይም የጣሊያን ፓስፖርት ይዘው ዘመድ ለመጠየቅ ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሚጓዙ ወገኖቻችን በዚህ ቃል እየተሳሳቱ ነው። ኢስታ የሚባለው የጉዞ ፈቃድ እድሳት የለውም። ጊዜው ሲያልፍ አዲስ ቅጽ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ይሞላል፣ ክፍያውም እንደገና ይከፈላል።

ፈቃዱ 2 ዓመት ያገለግላል፤ ፓስፖርቱ ቀድሞ ካለቀ ግን አብሮ ያልቃል፣ ወደ አዲሱ ፓስፖርትም አይዛወርም። ስለዚህ ፓስፖርቱ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ሰው መጀመሪያ እሱን ይቀይር። በጋብቻ ስሙን የለወጠም አዲስ ማመልከቻ ያስገባል። ክፍያው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ከ21 ወደ 40 ዶላር ስለጨመረ ሁለት ጊዜ መክፈል ያማል። አድራሻው በነጥብ ጎቭ የማያልቅ ድረ ገጽ የመንግሥት አይደለም፤ በመደበኛው ክፍያ ላይ የራሱን ይጨምራል።

«ማደስ» የሚለው ቃል ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሰው የድሮ መልሱን እንዳለ እንዲገለብጥ ስለሚያደርገው ነው። ጥያቄዎቹ በየጊዜው የሚጠየቁት መልሱ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ የመን፣ ሊቢያ፣ ኢራቅ፣ ኢራን፣ ሶሪያ ወይም ሰሜን ኮሪያ የነበረ ሰው፣ ለመንግሥት ወይም ለወታደራዊ ሥራ ከተላኩ ጥቂቶች በቀር፣ በኢስታ መግባት አይችልም። ለኩባ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። ይህ የእኛን ሰው በብዛት ይነካል፤ በካርቱም በኩል ተሰዶ አውሮፓ የገባው ስንት ነው! ያኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ወይም ምንም ሰነድ ሳይኖረው መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። የሱዳን ዜግነት ደርቦ የያዘም እንዲሁ ነው። አሜሪካ አትገቡም ማለት ግን አይደለም። ኤምባሲ ቀርቦ ቪዛ መጠየቅ ነው፤ ቀጠሮው ሊርቅ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይታሰብበት።

ቀድሞ አዲስ አበባ ላይ የአሜሪካ ቪዛ ተከልክሎ የነበረም ክልከላውን መደበቅ የለበትም። መከልከሉ ብቻውን በሩን አይዘጋም፤ ውሸቱ ግን ይዘጋዋል።

የአሞላል ስህተት ከስም ይጀምራል። የአባትና የአያት ስማችን በአውሮፓ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም የሚሆነው በየአገሩ በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ በልማድ ሳይሆን በፎቶው ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች ላይ እንዳለ ይገልበጥ። የጀርመን ፓስፖርት ቁጥር ውስጥ ኦ የምትባለው የላቲን ፊደል የለችም፤ ክቡ ምልክት ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የፓስፖርት ቁጥሩ ተሳስቶ ከተከፈለ ማረም አይቻልም፣ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ኢሜይልንና አሜሪካ የሚያርፉበትን አድራሻ ግን በኋላም መቀየር ይቻላል። ሕፃን ልጅም የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ማመልከቻው ቢያንስ ከጉዞው 72 ሰዓት በፊት ይግባ። ብዙ ጊዜ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ «በመታየት ላይ» ካለ ግን በዚያው ቀን ሌላ ቅጽ መሙላት አይጠቅምም፣ መጠበቅ ነው።

ፈቃዱ ሰውየው አሜሪካ ከገባ በኋላ ቢያልቅ አያስጨንቅም፤ የሚፈለገው በሚገባበት ቀን መጽናቱ ነው። የቆይታው 90 ቀን ግን አይራዘምም። ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ደርሶ መመለስም ቆጠራውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም፤ እዚያ ያደሩባቸው ቀናትም ከ90ው ውስጥ ይቆጠራሉ። አንድ ቀን እንኳ ያሳለፈ ሰው ከዚያ በኋላ ለአጭር ጉብኝትም ቢሆን ቪዛ ማውጣት ይኖርበታል።

ከአክብሮት ጋር