ጨረታው «ነጭ ቱታ» ብቻ አይበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የሥራ ልብስ ስፌት ላይ ከተሰማራሁ ቆየሁ። የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚያወጡትን የልብስ ጨረታ ባነበብኩ ቁጥር ግን እናደዳለሁ። «ነጭ ቱታ፣ አንቲስታቲክ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የማያጠራቅም)፣ ጥራቱን የጠበቀ» ይላል። በቃ። ጨርቁ ከምን ይሠራ? ከታጠበ በኋላስ ማን ይለካዋል? የለም። ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ መርካቶ ወርዶ ተራ ቴትሮን ጨርቅ ይገዛል።

ክሊንሩም፣ ማለትም አየሩ ከብናኝ ተጣርቶ መድኃኒት የሚመረትበት ክፍል ውስጥ፣ ዋናው የብናኝ ምንጭ ሰው ነው። ልብሱ ያንን አፍኖ መያዝ አለበት። ጥጥ ለዚህ አይሆንም። ጥጥ ሲባል ደስ እንደሚለን አውቃለሁ፣ አይሞቅም፣ የአገራችንም ምርት ነው። ግን ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በጣታችሁ ፍቱት። ወደ አጫጭር ፀጉር ይበታተናል። ያ ፀጉር ነው መድኃኒቱ ላይ የሚያርፈው። ፊላመንት የምንለው፣ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ረጅም ክር ያለው ፖሊስተር እንዲያ አይበተንም።

ፖሊስተርም የራሱ ጣጣ አለው። ጥጥ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ሲይዝ፣ እሱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለሚደርቅ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይጠራቀምበታል። በበጋ ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚለው እዚህም ይመጣል። ቻርጅ የያዘ ቱታ የመድኃኒት ዱቄት ይስባል፤ አልኮል ባለበት ደግሞ ብልጭታው ያሰጋል። ለዚህ ነው ቻርጁን የሚያስወጣ፣ ካርቦን ያለበት ክር አብሮ የሚሸመነው፣ ብዙ ጊዜ በየ5 ሚሊሜትሩ። እኔ በድሩም በማጉም የገባበትን፣ ካሬ ካሬ የሚሠራውን እመርጣለሁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰመረው ቻርጁን የሚያወጣበት መንገድ ያንሰዋል።

ጥቁር መስመር ስላያችሁ ግን አትመኑ። አንድ ነጋዴ ያመጣልኝ ጨርቅ ሲያዩት ቁርጥ ካርቦን ይመስል ነበር፤ ለካ ተራ ጥቁር ክር ነው! መለካት ያስፈልጋል። ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ የወጣው አይኢሲ 61340-5-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የልብሱ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከልከል መጠኑ) ከ100 ቢሊዮን ኦም እንዳይበልጥ ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኪሱ ውስጥ የሚይዘው ሜትር ይህን አያነብም፤ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ አለ። ልኬቱም ከእጅጌ እስከ እጅጌ ይሁን። ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ስፌቱ ላይ የካርቦኑ ክር ካልተገናኘ እጅጌው ለብቻው ይቀራል።

እጥበቱን ደግሞ ማንም አያነሳውም። በረኪና ክሩን ይጎዳል፣ የልብስ ማለስለሻም ጨርቁ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። እንዲህ ያለ ውድ ቱታ ታጥቦ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ። አቧራ ሊጠጣ!

ስለዚህ ጨረታ አውጪዎችን የምጠይቀው የጨርቁን ዓይነትና የካርቦኑን አሸማመን ሰነዱ ላይ በግልጽ እንድትጽፉ ነው። ናሙናው በእናንተው የእጥበት መንገድ ደጋግሞ ይታጠብና ይለካ። ያላለፈ ተጫራች ዋጋ ያቀረበበት የፋይናንስ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥራ ልብስ አምራች፣ ከአዲስ አበባ