የመክፈቻው አሸናፊ በሁለተኛው ውድድር ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

የጃፓኑን የሱፐር ጂቲ የመኪና ውድድር በአማርኛ መዘገብ መጀመራችሁ ደስ ይላል። ቅሬታዬ ግን አለኝ። የውድድር ዓመቱን መክፈቻ ስትዘግቡ ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደወጣ ጽፋችሁ ታልፋላችሁ። በሁለተኛው ውድድር ያው አሸናፊ ስምንተኛ ሲወጣ ደግሞ «አቋሙ ወረደ» ትላላችሁ። አቋሙ አልወረደም፤ ክብደት ተጭኖበት ነው።

በትልቁ ምድብ፣ በጂቲ500፣ እ.ኤ.አ. የ2021ን እና የ2022ን ደንብ እንውሰድ። ሹፌሮቹ ላገኙት ለእያንዳንዱ ነጥብ በሚቀጥለው ውድድር መኪናቸው ላይ 2 ኪሎ ይጨመር ነበር። ለአንደኛ የሚሰጠው 20 ነጥብ ስለነበር መክፈቻውን ኦካያማ ላይ ያሸነፈ ለሁለተኛው ውድድር ፉጂ የሚደርሰው ቢያንስ 40 ኪሎ ተሸክሞ ነው። መኪናው ራሱ ከ1,020 ኪሎ ማነስ የለበትም፤ በዚህ ላይ 40 ሲጨመር ቀላል አይደለም። ፍሬን ቀደም ብሎ መያዝ ግድ ይሆናል፣ ከኩርባ ሲወጣ መኪናው ይጎተታል፣ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ፉጂ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ መንገድ ስላለው ጉዳቱ ትንሽ ይለዝባል፤ መኪናው አንዴ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ክብደት ያን ያህል አይጎዳውም።

ጭነቱ እየተጠራቀመ ከ50 ኪሎ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከክብደቱ ከፊሉ ይነሳና በምትኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ይቀነሳል። ያኔ መኪናው የሚበለጠው እዚያው ቀጥታው መንገድ ላይ ነው። በሰባተኛው ውድድር ጭነቱ ለአንድ ነጥብ 1 ኪሎ ይሆን ነበር፣ በስምንተኛውና በመጨረሻው ጨርሶ ይነሳ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉም ያለ ጭነት የሚወዳደረው እንግዲህ በመክፈቻውና በመዝጊያው ብቻ ነበር። ካዙያ ኦሺማ እና ኬንታ ያማሺታ ይነዱት የነበረው 14 ቁጥሩ ቶዮታ ሱፕራ በ2021ም በ2022ም ኦካያማን አሸነፈ። ዋንጫውን ግን በመጀመሪያው ዓመት 36 ቁጥሩ ሱፕራ፣ በሁለተኛው 12 ቁጥሩ ኒሳን ዜድ ወሰደው።

የኦካያማ ውጤት ራሱ እንዴት እንደሚመጣም መጻፍ አለበት። መንገዱ 3.703 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠባብ ነው፣ 82 ጊዜ ይዞራል። ለመቅደም አመቺው ቦታ ከአትዉድ ኩርባ ወጥቶ በኋላው ቀጥታ መንገድ ተከትሎ ሄዶ፣ ሄርፒኑ (ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጠባብ ኩርባ) ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው። ሌላው ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የሚመራውን መኪና የሚያስይዙት በዚያው ውድድር አብረው የሚሮጡት የአነስተኛው ምድብ፣ የጂቲ300 መኪኖች ናቸው። በማጣሪያ ጂቲ500ዎቹ አንዱን ዙር በ1 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገደማ፣ ጂቲ300ዎቹ በ1 ደቂቃ ከ25 ገደማ ይጨርሳሉ። ይህ የ8 ሰከንድ ልዩነት መሪውን በአስር ዙር አካባቢ ከዝግተኞቹ ጭራ ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ማን የት ኩርባ ላይ ዝግተኛ መኪና እንዳጋጠመው ካልተነገረ፣ የሦስት ሰከንድ መሪነት እንዴት እንደተነነ አንባቢ አይገባውም። (የፊት መብራቱ ነጭ ከሆነ ጂቲ500፣ ቢጫ ከሆነ ጂቲ300 ነው፤ ከፎቶ ስር ስትጽፉ ትለዩበታላችሁ።)

ወሳኙ ደግሞ ፒት (ነዳጅ የሚቀዳበት፣ ጎማና ሹፌር የሚቀየርበት ቦታ) ነው። መኪናውን ከሚፈራረቁት ሁለት ሹፌሮች እያንዳንዱ ቢያንስ የውድድሩን ሲሶ መንዳት ስላለበት ከ28ኛው ዙር አካባቢ ጀምሮ መኪኖች መግባት ይጀምራሉ። ነዳጅ እየተቀዳ ጎማ መቀየር ክልክል ነው፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው የሚጀመረው። ጎማ በማሞቂያ ማሞቅም አይፈቀድም። በኤፕሪል ብርድ በቀዝቃዛ ጎማ የወጣ መኪና በመጀመሪያው ዙር ይንሸራተታል፤ አንድ ሁለት ዙር ቀድሞት ገብቶ ጎማውን ያሞቀው ተፎካካሪ እዚያው ይይዘዋል። «ከፒት ሲወጣ ተቀደመ» ብላችሁ የምታልፉት ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው፤ የመካኒኮቹ ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ በሁለተኛው ውድድር ዘገባ ላይ ከእያንዳንዱ መኪና ስም አጠገብ የተሸከመውን ኪሎ፣ ከሱ ቀጥሎ ፒት የገባበትን ዙር ጻፉልን። የጭነቱ ዝርዝር ከውድድሩ በፊት ይፋ ይደረጋል፤ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ