ስለ ቤል ብቻ አትጻፉ፤ አሽሊ ዊሊያምስም ነበረ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሰሞን የዌልስን የ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ጉዞ ያስታወሳችሁበትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋሬዝ ቤል አለ፣ አሮን ራምሲ አለ፣ የሮብሰን-ካኑ ጎል ለብቻዋ አንድ ሙሉ አንቀጽ አግኝታለች። አምበሉ ግን የለም። የቡድኑ አምበል! ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፤ አሽሊ ዊሊያምስ የሚል ስም አንድ ቦታ እንኳን አልተጻፈም።

ይህን ያህል ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በሰፈራችን ሜዳ ልጆች አሰለጥናለሁ። ከመካከላቸው የ14 ዓመት የመሀል ተከላካይ አለ። ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። በቅርቡ አንድ ቡድን ለሙከራ ጠርቶት ከሁለት ቀን በኋላ «አትሆንም» ብሎ መለሰው። አሁንም ልምምድ አይቀርም፣ ግን በመጣ ቁጥር «ጋሼ፣ አጥቂ አድርገኝ» ይለኛል። ተከላካይን ማን ያየዋል ነው የሚለው። እኔም ለዚህ ልጅ በአማርኛ የሚያነበው ነገር ላግኝለት ብዬ ነው የእናንተን ጽሑፍ በጉጉት የከፈትኩት፤ የዌልስ ታሪክ ከሆነ ዊሊያምስ መኖሩ አይቀርም ብዬ ነበር።

ስለዚህ እኔው ልጻፈው። ዓመታቱም፣ ወራቱም፣ ቀናቱም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አሽሊ ዊሊያምስ በ1984 እንግሊዝ፣ ዎልቨርሃምፕተን ከተማ ተወለደ። ለዌልስ መጫወት የቻለው በእናቱ አባት በኩል ነው። ልጅ ሆኖ በዌስት ብሮምዊች አልቢዮን የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ነበር፤ 16 ዓመት ሲሞላው አሰናበቱት። በቃ፣ አንፈልግህም። በዚያ ዕድሜ ከክለብ የሚባረሩ ልጆች ስንት እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ወሬያቸውም አይሰማ። እሱ ሄድንስፎርድ ታውን ወደሚባል ከዋናዎቹ አራት እርከኖች ውጭ ወዳለ ትንሽ ክለብ ሄደ። በዚያ ክለብ ገንዘብ ብቻ መኖር አይቻልምና ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ሠርቷል፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥም ሠርቷል። ሰው ትእዛዝ ሰጥቶት ሳህን ሲያመላልስ፣ ያ አስተናጋጅ አንድ ቀን በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አገር የሚመራ አምበል ይሆናል ብሎ የሚገምት ማን ነበር?

ስቶክፖርት ካውንቲ ያስፈረመው በ2003 የመጨረሻ ቀን፣ በታህሳስ 31 ነው። 19 ዓመቱ ነበር። ስቶክፖርት ደግሞ ያኔ ቁልቁል የሚሄድ ክለብ ነው። በ2005 ወደ አራተኛው እርከን ወረደ፣ በቀጣዩ ዓመት ከዚያም ሊወርድ ለጥቂት ተረፈ። እንግዲህ ይኼ ቡድን በ2007 መጀመሪያ ላይ 9 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ፤ በ9ኙም ጨዋታ አንድ ጎል አልገባበትም። በፉትቦል ሊጉ ታሪክ ማንም ያላደረገው ነገር ነበር። አራተኛ እርከን ስለሆነ እኛ አልሰማንም። ሮቤርቶ ማርቲኔዝ ግን ሰምቷል።

ማርቲኔዝ ያኔ የዌልሱ ክለብ የስዋንሲ ሲቲ አሰልጣኝ ነበር። በመጋቢት 2008 ዊሊያምስን በውሰት ወሰደው፤ ከዚያ 400 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ አስቀረው። ዛሬ ይህ ገንዘብ ለፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የጥቂት ሳምንት ደመወዝ ነው፤ ያኔ ግን ስዋንሲ ለአንድ ተጫዋች ከፍሎት የማያውቀው ዋጋ ነበር። ክለቡ በዚያው ዓመት የሊግ ዋን፣ ማለትም የሦስተኛው እርከን፣ ሻምፒዮን ሆኖ አደገ። በዚያው መጋቢት ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ጆን ቶሻክ ለዌልስ ጠራውና ሉክሰምበርግ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ሁሉም ነገር በአንድ ወር መጣለት። ለዚያ ወር ግን ሰባት ዓመት ጠብቋል።

ስዋንሲ ማርቲኔዝ ሄዶበት፣ ፓውሎ ሱዛ መጥቶ ሄዶ፣ ብሬንዳን ሮጀርስ ተተክቶ፣ አሰልጣኝ ሲቀያየር ዊሊያምስ እዚያው መሀል ላይ ቆሞ ነበር። በግንቦት 2011 ዌምብሌይ ላይ በማደጊያው የፍጻሜ ጨዋታ ሬዲንግን 4 ለ 2 አሸንፈው ፕሪሚየር ሊግ ገቡ፤ ከዌልስ የመጀመሪያው ክለብ ሆኑ። የመጀመሪያው ጨዋታ ማንቸስተር ሲቲ ላይ ነበር፤ 4 ለ 0 ተሸነፉ። ሰው ሁሉ እነዚህማ ወራጅ ናቸው አለ። ከዚያ በሜዳቸው ባደረጓቸው የመጀመሪያ አራት ጨዋታዎች አንድም ጎል አልተቆጠረባቸውም! ከአራቱ አንዱን ልብ በሉልኝ። ስዋንሲ በፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በመስከረም 2011 ነው፣ 3 ለ 0። ያሸነፈው ማንን ነው? ዌስት ብሮምን። በ16 ዓመቱ አትሆንም ብሎ ያባረረውን ክለብ። ይህን ለዚያ ልጅ ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁትን ብታዩ፣ ይህን ደብዳቤ ለምን እንደጻፍኩ አትጠይቁኝም ነበር።

የ2013ቱን የሊግ ካፕ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ግማሽ ፍጻሜው ላይ የቼልሲው ኤደን አዛርድ ኳስ አቀባዩን ልጅ ረግጦ ቀይ ካርድ ማየቱ ነው። ሌላው ፍጻሜው ላይ ስዋንሲ ብራድፎርድ ሲቲን 5 ለ 0 መደብደቡ። እኔ ሌላ ነገር ልጨምርላችሁ። ስዋንሲ ቼልሲን በስታምፎርድ ብሪጅ 2 ለ 0 አሸነፈ፣ በመልሱ 0 ለ 0 ወጣ፣ በፍጻሜውም ጎል አልገባበትም። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል፣ ዋንጫ። ለዚያውም ፍጻሜው ላይ ቺኮ ፍሎሬስ ተጎድቶ ከዊሊያምስ ጎን በመሀል ተከላካይነት የጀመረው ኪ ሱንግ-ዩንግ ነው፤ አማካይ ነው እኮ! አጠገቡ ያለው ሰው ቦታውን የማያውቅ ሲሆን የተከላካይ ሥራ እጥፍ ይሆናል። የራሱንም ሰው መጠበቅ አለበት፣ የሌላውንም፣ ደግሞ እየተናገረ፣ እያዞረ፣ «ግራህን፣ ግራህን» እያለ። ካሜራው ይህን አያሳይም፣ እናንተም አትጽፉትም።

ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ልመለስ። ዌልስ በነሐሴ 2011 በፊፋ ደረጃ 117ኛ ነበረች። በዚያው ዓመት ኅዳር አሰልጣኙ ጋሪ ስፒድ አረፈ። ተተኪው ክሪስ ኮልማን በሐዘን የተሰበረ ቡድን ነው የተረከበው፤ በመስከረም 2012 ሰርቢያ ላይ 6 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ ሽንፈት በኋላ ኮልማን የአምበልነቱን ጨርቅ ከራምሲ ወስዶ ለዊሊያምስ ሰጠ። ራምሲ ገና ወጣት ነበር፣ ሸክሙ ከብዶት ነበር። ዊሊያምስ ደግሞ ሸክም መልመድ አይከብደውም።

ከዚያ የሆነውን ቁጥሩ ይናገር። ለ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ዌልስ 10 ጨዋታ አደረገች፤ የገባባት ጎል 4 ብቻ ነው። ራሷ ያስቆጠረችው ስንት ነው? 11። ከእነሱ 7ቱ የቤል ናቸው፤ አልክድም፣ ያለ ቤል አያልፉም ነበር። ግን 11 ጎል ብቻ አግብቶ ማለፍ የሚቻለው ከኋላ በሩ ከተዘጋ ነው። ቤልጂየም ያን ሁሉ ኮከብ ይዛ በማጣሪያው ሁለት ጊዜ ገጠመቻቸው፤ ብራስልስ ላይ 0 ለ 0፣ ካርዲፍ ላይ ዌልስ 1 ለ 0። በ180 ደቂቃ አንድ ጎል አላገኘችም። ዌልስ ከ1958 የዓለም ዋንጫ ወዲህ ወደ ትልቅ ውድድር ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አሁን ሩብ ፍጻሜው ወደተደረገባት የፈረንሳይ ከተማ፣ ወደ ሊል እንሂድ። ከሩብ ፍጻሜው በፊት በነበረው ጨዋታ፣ ከሰሜን አየርላንድ ጋር፣ ዊሊያምስ ከገዛ ጓደኛው ከጆኒ ዊሊያምስ ጋር ተጋጭቶ ትከሻውን ተጎዳ። አልወጣም ብሎ ጨረሰ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 1 አርብ ምሽት፣ ቤልጂየምን ገጠሙ። እኔ ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ፤ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የተጀመረው። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ብዙው ሰው የቤልጂየም ደጋፊ ነበር፣ ለአዛርድና ለደ ብሩይነ ሲባል። የቤልጂየሙ ናይንጎላን ከሩቅ መትቶ አገባ። ቤቱ ተናወጠ። በ31ኛው ደቂቃ ራምሲ የማዕዘን ምት አሻማ። ከኋላ አንድ ራሱን የተላጨ ሰው ማንም ሳይይዘው እየሮጠ መጣና በግንባሩ ገጭቶ አገባት፤ በረኛው ኩርቱዋ አልደረሰባትም። «ቤል ነው!» አለ አንዱ። «ኧረ አይደለም» አለ ሌላው። ከዚያ ሁሉም «ማነው?» ተባባለ። ሰውየው ግን ወደ ደጋፊው አልሄደም፤ እጁን ዘርግቶ በቀጥታ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ሮጠ። ሳይጫወቱ ወንበር ላይ የሚውሉት ላይ ተጠመጠመባቸው። ያቺን ምስል አልረሳትም።

ከዚያ ሮብሰን-ካኑ ሦስት ሰው በአንድ መዞር አስቷቸው አገባ፣ ቮክስ ደገመ፣ 3 ለ 1። እናንተ የጻፋችሁት ስለዚያች መዞር ነው። ትገባዋለች፣ ቆንጆ ጎል ናት። ግን ያቺ ጎል ስትገባ ጨዋታው 1 ለ 1 ነበር፤ 1 ለ 1 ያደረገው ማን ሆነና!

ግማሽ ፍጻሜውን በፖርቹጋል 2 ለ 0 ተሸነፉ። ያለ ራምሲና ያለ ቤን ዴቪስ ነበር የገቡት፣ ሁለቱም በካርድ ተቀጥተው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥሩ ነበር አልልም። በዚያው ክረምት ኤቨርተን 12 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። በታህሳስ አርሰናልን በ86ኛው ደቂቃ በግንባሩ ገጭቶ ያሸነፈባትን ጎል አግብቷል፤ በጥቅሉ ግን እዚያ አልተሳካለትም። ቀይ ካርድም አይቷል፣ ደጋፊም ተቆጥቶበታል። በጥቅምት 2017 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ካርዲፍ ላይ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር ሲጫወቱ በረኛው ሄነሲ በእጁ የወረወረለትን ኳስ መስመሩ ዳር ላይ ተነጠቀ፤ ተሻማች፣ ማክሊን አገባት፣ ዌልስ 1 ለ 0 ተሸንፋ ቀረች። አንዲት ኳስ ናት። አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ ስድስተኛውን ካገባ ጀግና ነው፤ ተከላካይ መቶ አውጥቶ አንዷን ከተነጠቀ ስሙ በዚያችው ይነሳል። ይህንንም ለልጁ ነግሬዋለሁ፣ አልደበቅኩትም። ተከላካይ ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ማወቅ አለበት።

ስቶክ ሲቲ በውሰት ሄደ፣ ብሪስቶል ሲቲ ጨረሰ፣ በጥር 2021 ጫማውን ሰቀለ። ለዌልስ 86 ጊዜ ተሰልፏል፤ ያስቆጠረው 2 ጎል ነው።

ወንድም አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በቀጣዩ እትም ግማሽ ገጽ ስጡት። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የሊሉን አድርጉት፤ ጎሏን ሳይሆን ከጎሏ በኋላ ወደ ወንበሩ ሲሮጥ ያለውን። ካወጣችሁት ሁለት ቅጂ እገዛለሁ። አንዱን እሁድ ጠዋት ሜዳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ልጁ ሰሞኑን ስለ አጥቂነት ማንሳቱን ቀነስ አድርጓል።

የቆየ አንባቢያችሁ፣
ከጉለሌ