ኢንጂኑን ከመንካታችሁ በፊት፦ የሞተር ሳይክል ውድድር ለሚጀምሩ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ባሕር ዳር
መስከረም 2018 ዓ.ም.

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በአነስተኛ ወጪ የክለብ የሞተር ሳይክል ውድድር ስለ መጀመር

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ሜዳው ሲጠነክር በክለብ ተሰባስባችሁ ለመወዳደር ያሰባችሁ ደንበኞቻችን ከወዲሁ እየጠየቃችሁን ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «ኢንጂኑን አበርቱልኝ» የሚል ነው፦ ትልቅ ፒስተን፣ ትልቅ ካርቡሬተር (ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅለው)፣ የውስጥ ድምፅ ማፈኛው የወጣለት ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)። ይህን ሥራ ለጀማሪ በመጀመሪያው ዓመት አንሠራም። ምክንያቱንና በዚያው ገንዘብ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ከዚህ በታች ጽፈናል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ኢንጂን በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ቆላ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ 150 ሲሲ እዚህ ከ10 እምብዛም አያልፍም። የሲሊንደሩን ስፋት ከ57 ወደ 62 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው የኢንጂኑ መጠን በ18 በመቶ ያድጋል፤ ከፍታው የወሰደውን ሊመልስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ነገር ግን አጠገባችሁ የተሰለፈው ተወዳዳሪም የሚስበው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ማንም በማንም ላይ ብልጫ አላገኘም። በምትኩ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ሲያድግ ተራው ቤንዚን ያለ ጊዜው እየነደደ ኢንጂኑን ያንኳኳዋል፣ ለቀድሞው ጉልበት የተሠራው ፍሪሲዮንም (የኢንጂኑን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) መንሸራተት ይጀምራል። የማርሚታውን ማፈኛ ማውጣት ደግሞ ድምፁን እንጂ ጉልበቱን አያሳድግም። በድምፅ የተማረረ የሰፈር ሰው ካለ በሁለተኛው ሳምንት ሜዳው ይከለከላል፤ ይህ ለሁላችሁም ኪሳራ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ የሚጠቅመው ሥራ ትንሽና ርካሽ ነው። ካርቡሬተር ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ለቆላ አየር ተስተካክለው ከመጡ እዚህ ነዳጅ ይበዛባቸዋል። ጄት የምንላትን፣ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን በአንድ ደረጃ ማሳነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ 110 ከነበረች 107.5 ወይም 105 ማድረግ ማለት ነው። ልክ መሆኑን የሚነግረን ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ጥቂት ከሮጣችሁ በኋላ ፍሪሲዮኑን ያዙና ኢንጂኑን ወዲያው አጥፉት፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት ቆሞ እየሠራ) ካቆያችሁት ቀለሙ ይለወጣል፣ ንባቡም ይሳሳታል። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት፦ ጫፉ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል። እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ከሆነ ተዉት። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፤ በዚያ ሁኔታ መሮጥ ፒስተኑን ያቀልጣል። እዚህ የተስተካከለ ሞተር ሳይክል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ቢወዳደር ነጭ ካንዴላ ይዞ ነው የሚመለስ፤ ስለዚህ የድሮዋን ጄት አትጣሏት። ነዳጅን በኮምፒውተር የሚረጩት አዳዲሶቹ ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ።

ቤንዚኑንም ተጠንቀቁ። በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፦ ንጹሕ ቤንዚን ብዙም ሳይቆይ ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ክብ ትቶ ይቆያል። በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ የማይታወቅ ድብልቅ በውድድር ሙቀት ኢንጂኑን አንኳኩቶ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሞተር ሳይክሉ ዋጋ ውጭ ያላችሁን 100 ብር ነው ብንል፣ 40ው ለሄልሜትና ለልብስ፣ 25ቱ ለፍሬንና ለጎማ፣ 15ቱ ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለካቴና ይዋል፤ የቀረው 20 ለመለዋወጫ ሳይነካ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን ማንሻ፣ አለዚያም የእግር መርገጫ መታጠፉ አይቀርም፤ መለዋወጫ የሌለው ሰው ቀኑን ቆሞ ይመለከታል።

ሄልሜቱ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ቁጥር (የ22.05 ወይም የ22.06 ደረጃ ማለት ነው) የተሰፋበት ይሁን። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ከኋላ ወደ ፊት ስትገፉት ከራሳችሁ ከወጣ ሰፍቷችኋል ማለት ነው። ያገለገለ ሄልሜት በምንም ዋጋ አትግዙ። በውስጡ ያለው አረፋ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ውጩ እንዳማረ ቢቆይም ቀጣዩን ምት አይቀበልም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቡት፣ የቆዳ ጓንት፣ የጉልበትና የጀርባ መከላከያ ይከተላሉ። በሸበጥ የመጣ ሰው ሜዳ አይገባም።

ሞተር ሳይክሉን ገና የምትገዙ ከሆነ በከተማው በብዛት የሚነዳውን ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር ወይም አፓቺ ምረጡ። ከውጭ የመጣ የውድድር ሞተር ሳይክል ዓይን ይማርካል፤ ግን አንዲት ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መጋጠሚያ መካከል የምትገባ ማሸጊያ) ስትበላሽ ወራት ያስቆማችኋል። ስትገዙ መጀመሪያ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የኢንጂን ቁጥር ከብረቱ ጋር አመሳክሩ። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከዳር ዳር አዙሩ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቁጭ የሚል ነገር ከተሰማችሁ የአንገቱ ኩሽኔታ አልቋል። በአንገቱ ብየዳ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር ተሰንጥቆ እንደሆነ ጭቃውን አጥባችሁ በፀሐይ እዩ፤ ስንጥቅ ካለ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ኢንጂኑን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡት። ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ወይ የፒስተን ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይ የቫልቮላ ላስቲክ ይፈልጋል፤ ዋጋውን በዚያ ልክ አስቀንሱ።

ፍሬን ላይ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ጀማሪ በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በከተማችን ብዙ ሰው የሚይዘው የኋላውን ፍሬን ብቻ ነው። ሞተር ሳይክል ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይዞራል፤ የኋላው ጎማ ይቀልልና ይቆለፋል፣ ይንሸራተታል። በደረቅ አስፋልት ከማቆሙ ሥራ 70 በመቶ ያህሉን የሚሠራው የፊቱ ነው። አፈር ላይ ድርሻው ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ዋናው እሱው ነው። በሁለት ጣት፣ ቀስ በቀስ እየጠበቀ ይያዝ። ዲስክ ያላቸው የፍሬን ዘይቱን በዶት 4 ይቀይሩ። ይህ ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፦ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲገባበት ግን ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል። የፈላ ዘይት አረፋ ይፈጥራል፤ ያን ጊዜ ማንሻው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይሄዳል። ክረምቱን የቆመ ሞተር ሳይክል ካላችሁ ሳትቀይሩ አትውጡ። ከበሮ ፍሬን ያላችሁ ሸራውን (ከበሮውን እየፈተገ የሚያቆመውን) አስከፍታችሁ አሳዩን፤ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በሸካራ ወረቀት እንፍቀዋለን፤ ዘይት ከነካው ይቀየራል እንጂ ታጥቦ አይድንም። አቧራውን በኮምፕረሰር አታስነፉ፤ አንዳንዱ ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ኩሬ ካለፋችሁ በኋላ የከበሮ ፍሬን ለጥቂት ጊዜ አይዝም፤ እየነካካችሁ አድርቁት።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ፈልጉ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል፤ አይዝም። ለአፈር ሜዳ ባለ ትልልቅ ጥርስ ሆኖ በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ክብደት ከ18 እስከ 22 ፒኤስአይ በሆነ የነፋስ ግፊት ጀምሩ። ከዚያ በታች ድንጋይ ስትመቱ የውስጥ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቀዳዳዎች ያወጣል። ጎሚስታው እነዚህን ሁለት ቀዳዳዎች ካሳያችሁ ምስማር አትፈልጉ፤ ነፋሱ አንሶ ነው። የነፋስ መግቢያዋን ዳዶ ወደ ቸርኬው አታጥብቋት፤ ወደ ክዳኑ አውጥታችሁ ተዉአት። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲዞር መግቢያዋ ስትዘም ታዩና ሳትቀደድ ታስተካክላላችሁ።

ፍጥነት የምትፈልጉ ከሆነ ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ጎማ) መቀየር ከፒስተን መቀየር እጅግ ይረክሳል። የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ጥርስ ከሆነ ምጥጥኑ 3 ነው። የፊቱን ወደ 13 ብናወርደው 3.23 ይሆናል፤ ይህ የኋላውን ወደ 45 ከማሳደግ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ከመታጠፊያ ስትወጡ ይስባል፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አጫጭር ቀጥታዎች ባሉት ሜዳ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው። ካቴናው በእጅ ሲነሣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይላላ፤ ይህም እናንተ ተቀምጣችሁበት ይለካ። የወጠረ ካቴና የኢንጂኑን ኩሽኔታ ይበላል። ዕቃ መጫኛውን፣ መስታወቱን፣ ማቆሚያውንና መብራቱን ስታወርዱ እስከ 10 ኪሎ ይቀላል። ሞተር ሳይክሉና ነጂው አንድ ላይ 185 ኪሎ ቢሆኑ ይህ 5 በመቶ ነው፤ ያለ አንድ ብር ወጪ። ብቻ መብራትና መስታወት የሌለው ሞተር ሳይክል በመንገድ ላይ አይነዳም፤ ሜዳው ድረስ በመኪና ጫኑት።

አቧራው። ከየካቲት በኋላ ቀዩ አፈር ዱቄት ይሆናል፤ ከፊት የሚሮጠው የሚያስነሣውን የሚተነፍሰው የእናንተ ኢንጂን ነው። የስፖንጅ ፊልትሮ ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ በኦሞ ውኃ ይታጠብ፤ ይጨመቅ እንጂ አይጠምዘዝ፤ ጥላ ውስጥ ፍጹም ይድረቅ፤ ከዚያ ዘይት ጠጥቶ ትርፉ ይጨመቅ። የወረቀት ፊልትሮ ውኃ ሲነካው ይበላሻል፤ እየመታችሁ አራግፉት፣ ሲያረጅ ቀይሩት። በላዩ የሴቶች ስቶኪንግ አልብሱት፤ ሻካራውን አቧራ እሱ ይይዛል፣ በየዙሩም ይቀየራል። ፊልትሮው ከሳጥኑ ጋር የሚገጥምበትን ጠርዝ በግራሶ ቀቡ። አቧራ ብዙ ጊዜ የሚገባው በስፖንጁ ሳይሆን በዚህ ጠርዝ በኩል ነው፤ በአንድ የውድድር ወቅት ያለቀ የፒስተን ፋሻ ሲመጣልን መጀመሪያ የምናየው ይህን ጠርዝ ነው። ዘይቱ ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለው ይሁን። የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማንሸራተቻ ቅመም በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል።

ከሜዳው ቀን በፊት እኛ ዘንድ የሚሠሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። የዘይት መፍሰሻውን ቡሎን ራስ በ1.5 ሚሊ ሜትር እንበሳና በ0.8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ እናስራለን፤ በንዝረት የወለቀ ቡሎን ዘይት አፍስሶ የሚጥለው ከኋላ ያለውን ነው። የማንሻዎቹ ጫፍ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ኳስ ሊኖረው ይገባል፤ የተሰበረ ማንሻ እንደ ጩቤ ይወጋል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ፣ መሪው እስከ ዳር ተጠምዝዞም ቢሆን፣ በራሱ ጠርቅሞ ይመለስ። ማጥፊያው በአውራ ጣት ይድረስ።

ስለ ሜዳው፦ ዋልካ መሬት አትምረጡ። ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጋገራል፣ ሲደርቅ ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። ቀይ አፈር በጥቅምትና በኅዳር ገና ትንሽ እርጥበት ይዞ ከሁሉ ይሻላል። በጎንደርም ሆነ በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ መሽቀዳደም ውድድር አይደለም፤ እግረኛና ከብት አለበት፣ ለዚያ የሚመጣን ሞተር ሳይክል አናዘጋጅም። የባለ ይዞታውን፣ የቀበሌውንና የፖሊስን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። አንድ መኪና ሥራዋ ቁስለኛ ማጓጓዝ ብቻ ሆኖ ትቁም፤ ከሜዳው ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይቀርባል ወይስ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚለውን ሾፌሩ አስቀድሞ ይወቅ። የወደቀ ሰው እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቁበት፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ባንዲራዎቹን ሁሉም ይወቃቸው፦ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋ አለ፣ ቀስ በሉ፣ አትቅደሙ፤ ቀይ ውድድሩ ቆሟል፤ ሰማያዊ ፈጣኑ ከኋላችሁ ደርሷል፣ መስመራችሁን ሳትቀይሩ አሳልፉት፤ ጥቁር ከነቁጥራችሁ ከታየ ውጡ፤ ጥቁርና ነጭ ዳማ ማብቂያው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከማንም ጋር አትሽቀዳደሙ። ሁለት ድንጋይ አስቀምጡ፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥታችሁ በመጀመሪያው ላይ ፍሬን ያዙ፣ ሁለተኛውን ሳታልፉ ቁሙ፣ በየጊዜው አቀራርቧቸው። ከዚያ በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ መርገጫው ላይ ቆማችሁ፣ ዓይናችሁን ጎማው ላይ ሳይሆን ወደምትወጡበት ጥላችሁ ዙሩ። በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አትለፉ፤ ክንዳችሁ ሲደነዝዝ ማንሻውን በልኩ መያዝ ያቅታችኋል።

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት የውድድር ፍተሻ እንሠራለን። ሞተር ሳይክሉን አጥባችሁ፣ ሊብሬውንና ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሄልሜቱንም እናያለን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ቤቱ ባልደረቦች