መንጃ ፈቃዴ ትራፊኩ ኪስ ከገባ በኋላ ነው ጥፋቴን የምሰማው

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ነው ሚገዛው፣ እኔ ደሞ ልጆቹን አድርሼ ትንሽ ፋታ ሳገኝ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ስለ ትራፊክ ፖሊስ በተጻፈ ቁጥር ወይ "ሁሉም ሌባ ነው" ወይ "የኛ ሀገር ሹፌር ስርዓት የለውም" ተብሎ ያልቃል፣ ሁለቱም ሰልችቶኛል። እኔ የተማሪ ሰርቪስ ነው ምሰራው፣ ከአያትና ከሲኤምሲ ልጆች ሰብስቤ ወደ መገናኛ አካባቢ አደርሳለሁ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ነኝ፣ ማታም እንደዛው፣ ስለዚህ ትራፊኮቹን ከዘመዶቼ የበለጠ ነው ማያቸው፣ ደጉንም ክፉውንም።

ሰው ሚያማርረው ስለ ቅጣቱ ብር ነው፣ እኔን ሚያቃጥለኝ ግን ብሩ አደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው። ትራፊኩ እጁን ያነሳል፣ ዳር ትይዢያለሽ፣ መስታወት ታወርጃለሽ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ "መንጃ ፈቃድ" ይልሻል፣ ትሰጪዋለሽ፣ ገለጥ አርጎ እንኳን ሳያየው ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተውና ጥሎሽ ይሄዳል። በቃ። ምን እንዳጠፋሽ ገና አልሰማሽም። ከዛ በኋላ ወሬው ስለ ጥፋት መሆኑ ይቀርና ስለ ፈቃድ ይሆናል፣ ወርደሽ ከኋላው ትከተያለሽ፣ እሱ ሌላ መኪና ያስቆማል፣ የሱንም ይሰበስባል፣ አራት አምስት ሰው ከቦት "አለቃ፣ ኧረ አለቃ" ሲለው ዞር ይልና ያቺን ጥያቄ ያመጣል፣ "ጥፋትሽን ታውቂያለሽ?"

ይቺ ጥያቄ ናት ደሜን ምታፈላው። አውቃለሁ ካልሽ አመንሽ ማለት ነው። አላውቅም ካልሽ "ሳታውቂ እንዴት ትነጃለሽ" ትባያለሽ። ስንቱ ሰው ምንም ሳያጠፋ "ይቅርታ አለቃ አይለምደኝም" ሲል ሰምቻለሁ መሰላችሁ፣ ምኑ እንደማይለምደው ራሱም አያውቀውም።

ከክረምት በፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም፣ ሰውየውንም እንደዛው፣ ግለሰብ ለማሳጣት አደለም ምጽፈው። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ገልብጦት በየሳምንቱ መዞሪያው ይቀያየር ነበር፣ ትላንት የዞርኩበት ዛሬ ተዘግቶ አገኘዋለሁ፣ እና አንድ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ወደ ግራ ስታጠፍ ከታጠፍኩ በኋላ ከአንድ የቆመ ሲኖትራክ ጀርባ ትራፊኩ ብቅ አለ። ምልክት ነበር ለካ፣ ማታ ነው የተተከለው፣ ፊቱ ወደ እግረኛው መንገድ ዞሮ። እሺ ይሁን፣ ምልክት ምልክት ነው። "ፈቃድ" አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ይዞት መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ዛፍ ጥላ ስር ቆመ፣ ከዛ በእጁ "ነይ" ይለኛል። መኪና ውስጥ አስራ ምናምን ህፃናት አሉ፣ ትንሿ የኬጂ ልጅ ናት፣ በር ዳር ነው ምትቀመጠው። እንዴት ነው እነዚህን ልጆች ዋና መንገድ ዳር ጥዬ ምሻገረው? ሞግዚቷን ላኳት፣ ሄዳ ተመለሰች፣ "ራሷ ትምጣ ብሏል" አለችኝ። ድጋሚ ላኳት "ልጆች ጥላ መውረድ አትችልም በይው" ብዬ። ሳቀ አሉ። አንዱ ልጅ ከኋላ "እሙዬ፣ ፖሊሱ አንቺን ሊያስርሽ ነው?" አለኝ፣ አይ ወረቀት ሊሰጠኝ ነው አልኩት፣ "ታዲያ ለምን እዛ ማዶ ሄደ?" አለ። ምን ልበለው!

ቁጭ ብዬ ጠበኩ። መጨረሻ ላይ መጣ፣ ተቆጥቶ፣ "ኩራት ነው?" አለኝ። "አይ የኔ ወንድም፣ አጥፍቼም ከሆነ ጻፍልኝ፣ እከፍላለሁ" አልኩት። ይሄን ስል ነገሩ ሁሉ ከበደው፣ ደብተሩን ለማውጣት እንኳን ተንጠራራ፣ ካርቦኑን አስተካከለ፣ ታርጋውን ዞሮ አየ፣ ቦሎውን አየ፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አየ፣ ሌላ የሚጨመር ነገር ሲፈልግ መሆኑ ያስታውቃል፣ ሲያጣ ምልክት አለማክበር ብሎ ጻፈልኝ። ከፈልኩ። ልጆቹ የሰልፍ ሰዓት አለፈባቸው፣ ወላጅ ደወለ፣ ትምህርት ቤቱ እኔን ጠየቀኝ እንጂ እሱን ማንም አልጠየቀው። ጻፍልኝ ማለት ግን እንዲህ የሚያስቆጣ ነገር መሆን ነበረበት? ህጉ ሚለውን ነውኮ የጠየኩት።

አሁን ደሞ ወደኛ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትራፊኩን ብቻ ሰድቤ ብቀመጥ ነገ ታክሲ ተራ ላይ ሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ፈቃዱን ሲሰጥ መሀሉ ላይ ብር አጥፎ ሚሰጠው ማነው? ሹፌሩ ነው። "ለሻይ" ሚለውን ቋንቋ ማን አመጣው፣ እነሱ ብቻ ናቸው? የሚኒባስ ረዳቱ ሳይጠየቅ ዘሎ ወርዶ እጅ ጨብጦ ሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ጭብጡ ውስጥ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ተሳፋሪውስ? ትርፍ ተጭኖ ረዳቱ "ጎንበስ በሉ፣ ትራፊክ አለ!" ሲል ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ሳይቀር ተባብሮ ጎንበስ ይላል፣ ካለፉ በኋላ ቀና ብሎ ስለ ሙስና ያወራል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ብልጭ ሲያረግልን ቀበቶ ደረታችን ላይ ጣል እናረጋለን፣ አናስረውም፣ ጣል ነው። ቀበቶ ለትራፊኩ የተሰራ ይመስል።

እና ሰው በየታክሲው ሚያወራውን ብትሰሙ ሀሳቡ አንድ አደለም። አንዱ "በዓል ሲደርስ ነው ሚበዙት፣ የዶሮ ነው" ይላል። ሌላው "ደሞዙን አይተኸዋል? ከነልጆቹ ምን ይብላ?" ይላል። ሶስተኛዋ ደሞ ልጇን መኪና የገጨባት እናት ትሆናለች፣ "ይቅጡ፣ እንዲያውም አነሰ" ትላለች፣ እሷ ስትናገር ሁሉም ዝም ነው ሚለው። ልክ ናት። በዚህ ከተማ በያመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና ይሞታል፣ አብዛኛው እግረኛ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የትራፊክ ፖሊሱ አሰፋ መዝገቡ በሬዲዮ የአደጋውን ዜና ሲነግረን ነው የኖርነው፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ማታ ማታ የትንፋሽ ምርመራ ሲጀመር ስንቱ ተሳድቦ ነበር፣ እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ፣ አርብ ማታ ከሰርግ ስመለስ ጠጥቶ ሚመጣብኝን ሰው አውቀዋለሁና። ቁጥጥር አይኑር ያልኩ እንዳይመስላችሁ።

ደጎቹንም ማንሳት አለብኝ፣ ካልሆነ ግፍ ነው። አንዲት ትራፊክ አለች፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ዜብራ ላይ ቆማ ልጆች ምታሻግር፣ ዝናብ ሲሆን ካፖርቷ ከላይ እስከታች ርሶ እንኳን ከቦታዋ አትነቃነቅም፣ ከልጆቹ ግማሹን በስም ነው ምትጠራው። አንዴ አንድ ቪትዝ ዜብራው ላይ ሳይቆም ሲያልፍ አስቁማ መጀመሪያ ያለችው "ደህና አደርክ፣ አሁን ያለፍከው ዜብራ ላይ ልጅ ነበር፣ አይተኸዋል?" ነው። ሹፌሩ አላየሁም አላት። "እሱ ነው ችግሩ" ብላ እዛው መስኮቱ ላይ ጻፈችለት፣ ፈቃዱንም እዛው መለሰችለት፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አመስግኗት ነው የሄደ! ተቀጥቶ አመሰገነ። ታዲያ እሷ ከቻለች ሌላው ለምን ይከብደዋል?

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ታክሲ ሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለኝ። መጀመሪያ እዛ ሄዶ ፖሊስ ሲያስቆመው እዚህ እንደለመደው ከመኪናው ወርዶ፣ አክብሮት መስሎት፣ ወደ ፖሊሱ መራመድ ይጀምራል፣ ፖሊሱ እጁን ሽጉጡ ላይ አርጎ "ተመለስ!" ብሎ ጮኸበት። እዛ ፖሊሱ ነው ወደ መስኮት ሚመጣው፣ አንተ እጅህን መሪው ላይ አርገህ ቁጭ ነው፣ ፈቃድህንም አይቶ ይመልስልሃል። እሱ እስካሁን ከኋላው የፖሊስ መብራት ሲያይ ሆዱ ይርዳል፣ የዛ ሀገር ፍርሃት ሌላ ነው፣ እንዲያውም የናንተው ይሻላል፣ ቢያንስ ይለመናል ይለኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መለመን መቻሌ እንደ መብት እንዲቆጠርልኝ አልፈልግም።

ሌላው ግራ ሚያጋባው ማን ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ድሮ ትራፊክ ትራፊክ ነበር። አሁን ትራፊክ ፖሊስ አለ፣ የትራፊክ ማኔጅመንቱ ሰራተኛ አለ፣ ደንብ አስከባሪ አለ፣ ሁሉም ያስቆምሻል፣ ሁሉም ወረቀት አለው። ላዩ ላይ ሚያንፀባርቀውን ሰደርያ ሲደርቡበት ስም ያለበት ባጅ ከስር ይቀራል፣ "ስምዎትን ልወቅ" ስትያቸው ደሞ እንደ ስድብ ነው ሚቆጥሩት። ስልክ ካወጣሽማ አለቀልሽ።

ደንብ የለም እንዳይባል አለ። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር፣ በ2009 ተሻሻለ፣ አሁን ደሞ 557/2016 ሚባለው መጥቷል፣ ጥፋት በእርከን፣ ቅጣትና ሪከርድ በየእርከኑ ተቀምጧል። ግን ስንታችን አንብበነዋል? የምንማረው እዛው ታክሲ ተራ ላይ ነው፣ አንዱ "ይሄ አምስት መቶ ነው" ሲል ሌላው "የለም ሺ ገብቷል" ሲል። ትራፊኩ ጋ ያለውና እኛ ጋ ያለው እውቀት እኩል ቢሆን "ጥፋትሽን ታውቂያለሽ" ሚባል ጨዋታ ራሱ ባልኖረ። ክፍያው በቴሌብር መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ሰልፉ ቀርቶልናል፣ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሚሄድበት ሰበብም ቀንሷል። ስልክ ላይ መክፈል ግን ፈቃዱ ኪስ ከገባ በኋላ ያለውን ድርድር አያስቀረውም፣ ድርድሩ ሚካሄደው ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ነውና።

እኔ ምለው ብዙ ገንዘብ ሚያስወጣ ነገር አደለም። ያስቆመን ሰው ወደ መኪናው ይምጣ፣ መጀመሪያ ጥፋቱን ይንገረን፣ ከዛ ፈቃድ ይጠይቅ፣ እዛው ፊታችን ጽፎ እዛው ይመልስ። ባጁ ከሰደርያው ላይ ይሁን። አዲስ ምልክት ሲተከል የመጀመሪያውን ሳምንት እያስቆሙ ቢያስተምሩን ምን ይጎዳል፣ መንገዱን እኮ እኛ አደለንም የቀያየርነው። ትራፊኮቹም ይጠቀማሉ፣ ፀሀይ ላይ ሙሉ ቀን ቆሞ ከሀምሳ ሰው ጋር መጨቃጨቅ ማን ይወዳል፣ እነሱም ሰው ናቸው፣ መኪና ሚገጫቸውም አሉ።

አዘጋጆች፣ እናንተን ምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ እኛ ብንጠይቅ ሚመልስልን የለም እናንተ ግን ጋዜጠኛ ናችሁ። ሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ይቺን ጠይቁልኝና መልሱን አትሙልኝ፦ ህፃናት የጫነ የሰርቪስ ሹፌር ትራፊክ ማዶ ሆኖ "ነይ" ሲለው ልጆቹን ጥሎ የመውረድ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? አለበት ካሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሆነ ይንገሩን። የለበትም ካሉ ደሞ ጋዜጣውን ቆርጬ ዳሽቦርዱ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የሰርቪስ ሹፌር ጓደኞቼም እንዲሁ፣ ቁጥራችን ቀላል አደለም።

ከሰላምታ ጋር
የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር፣ ከአያት