ሞተር ስታነሱ የሰንሰለቱን ማዕዘን እዩ

ውድ አዘጋጅ፣

ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው "ሰንሰለቱ ይችለዋል ወይ?" ብሎ ነው፤ ማዕዘኑን ግን ብዙ ሰው አያየውም። 400 ኪሎ የሚመዝን ሞተር በሁለት ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ 200 ኪሎ ይይዛል፣ ሰንሰለቶቹ ወደ ጎን ተከፍተው ከአግድሙ ጋር 30 ዲግሪ ሲሆኑ ግን እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ይሸከማሉ፣ ያው ሞተር ሆኖ! ስለዚህ ረዘም ያለ ሰንሰለት ተጠቀሙ፤ ማዕዘኑ ከ60 ዲግሪ ባይወርድ ጥሩ ነው። ሰንሰለት አይቋጠርም፣ የተበጠሰውም በተራ ቡሎን አይቀጠልም። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ሚዛኑን እዩ።

አንዴ ሰንሰለት አንሸራቶ ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ፣ አንድ ልጅ እጁን ከስር ያወጣው ለጥቂት ነው፣ እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። እባካችሁ፣ ከተንጠለጠለ ሞተር ስር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ።

አንድ መካኒክ